ሐጂ ዐብዲጀባርና በትምህርት ቤት ያለቀሰችው ግመል

የእኔ ሱቅ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ናት። ራዲዮና ቴፕ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሞባይል እጠግንባታለሁ። የጅግጅጋ ነፋስ በበሩ ይገባል፣ የተማሪ ጫጫታ ደግሞ በኋላ መስኮት ይገባል። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ራዲዮ እየከፈትኩ፣ የቱ ጋ እንደሚንኮሻኮሽ በጆሮዬ እየለየሁ ነው የለመድኩት። ከዚያ ወዲህ መስማት ጠባዬ ሆኗል፤ ሰው ሲያወራ አላቋርጥም። ይህን ያወቁ የሰፈሩ ሰዎችም አንዳንድ ቀን ምንም የሚጠገን ነገር ሳይዙ ገብተው ይቀመጣሉ።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በአንድ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሐጂ ዐብዲጀባር በሬ ላይ ቆሙ። ሐጂ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሀርሺን ሰው ናቸው። የዕድሜያቸውን ግማሽ ግመል ሲጠብቁ፣ ግማሹን በጅግጅጋ ከብት ገበያ ግመል ሲያሻሽጡ ኖረዋል። ያን ዕለት በቀኝ እጃቸው ከዘራ፣ በግራ እጃቸው ገመድ ይዘዋል። በብብታቸው ደግሞ ከእንጨት የተፈለፈለ የወተት ዕቃ ሸጉጠዋል።

«ኃይለጊዮርጊስ፣ ሰላም ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐጂ። ገመዱ ለምንድን ነው?»

«ግመል ፍለጋ ወጥቼ።»

«ጠፍታብዎት ነው?»

«የእኔ አይደለችም። የማን እንደሆነች አላውቅም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ልክ በዚህ ሰዓት ታለቅሳለች። ቤቴ ተቀምጬ ነው የምሰማት። ልጇ ሞቶባታል።»

«ይህን ሁሉ በድምፅ ብቻ አወቁ?»

«አንተስ የራዲዮን በሽታ በድምፅ አይደለም የምታውቀው? ሁለት ጊዜ ወልዳለች። ሁለተኛው ነው የሞተባት። ጡቷ ሞልቶ ወተቱ አልወርድ ብሏታል። ባለቤቷ የከተማ ሰው ነው፤ ምኑን ያውቃል! አግኝቼ ላልባት ነው። ካለብኳት ላንተም አመጣል…» አሉና ቆም አሉ። «ለካ አንተ የግመል ወተት አትጠጣም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ይጋብዙኛል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ መሐል ላይ ያስታውሳሉ። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ «የጠጣሁ ያህል ነው፣ ሐጂ» እላቸዋለሁ።

በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ድምፁ መጣ። እውነትም ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች የሚንሸራተት ድምፅ ነው። ሐጂ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው አዳመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሰማህ? ሰማሃት ወይ? ምስኪን!»

እኔ ግን ወደ መሬት አየሁ። ግመሊቱን አውቃታለሁና። ግመሊቱ የትምህርት ቤቱ ባንድ ትሮምቦን፣ መንሸራተቻ ያላት ረጅም ጡሩምባ ነበረች። ያውም መንሸራተቻዋ ተጣሞ ባለፈው ሳምንት በእኔ እጅ የተቃናች። የምትነፋት ደግሞ ዒፍራህ ናት፤ የሐጂ የልጅ ልጅ፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ። አባቷ ዐብዲከሪም በአይሻ በኩል ጅቡቲ የሚመላለስ ከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት ብዙ አይገኝም። ስለዚህ በልጅቷ ጉዳይ የሚፈርሙት ሐጂ ናቸው።

ችግሩም ፊርማው ላይ ነበር። ባንዱ ቅዳሜ ሀርሺን ሄዶ አንድ አዲስ ትምህርት ቤት ሲመረቅ ሊጫወት ተጋብዟል፤ ለዚህም ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ይለማመዳል። ሴቶቹ የወላጅ ፈቃድ እስከ ሐሙስ ረፋድ ካላመጡ አይሄዱም። ዒፍራህ ባንድ ውስጥ መግባቷን ቤት አልተናገረችም። ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ መጥታ ነበር።

«ጋሽ ኃይሌ፣ በፈጠረዎት እርስዎ ይፈርሙልኝ።»

«ልጄ አይደለሽም፤ ብፈርም ውሸት ነው።»

«አንዲት ፊርማ!»

«አንዲት ውሸት» አልኳት። ፊቷን አዙራ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። አለመፈርሜ ልክ ነው፤ ግን ዝም ብዬ መላኬ ልክ ነበር ወይ?

አሁን ሐጂ ፊቴ ተቀምጠዋል።

«በዚህ አካባቢ ግመል አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ድምፁን ግን ትሰማለህ።»

«እሰማለሁ።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

ልዋሽ አልችልም፤ ልጅቷንም ላጋልጥ አልፈለግሁም። «ከትምህርት ቤቱ ግቢ ነው» አልኩ።

«ትምህርት ቤት ውስጥ ግመል አስረዋል? ለምን? ለትምህርት?»

«ለትምህርት ነው» አልኩ። ይህም ውሸት አልነበረም።

ሐጂ ዘለው ተነሡ። እኔም በልቤ ጸልዬ፣ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። የመጣው ይምጣ፣ ሰዎቹ ፊት ለፊት ይነጋገሩ ብዬ ነው።

ዘበኛው ገመዱንና የወተት ዕቃውን አይቶ የሚጠይቀው ጠፋበት፤ በሩን ከፍቶ አሳለፈን። ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ ዘጠኝ ተማሪዎች በግማሽ ክብ ቆመዋል። መሐላቸው መልአክ የሚባለው ወጣት መምህር ቀጭን ዱላ ይዞ ቆሟል። ሌሎቹ እየጠበቁ ዒፍራህ ብቻዋን ትነፋለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ጉንጯ ተነፍቷል። ጀርባዋ ወደ እኛ ነበርና ሐጂ መጀመሪያ አላወቋትም። ከዘራቸውን አንሥተው፣

«ሰላሙ ዐለይኩም! ግመሊቱ የት አለች?» አሉ።

ድምፁ ቀጥ አለ። ዒፍራህ ዞረች። አያቷን፣ ገመዱን፣ የወተቱን ዕቃ በየተራ አየች። ሐጂ ግን ገና ግመል ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ከክፍሉ ማዕዘን ጀርባ ዞረው አይተው ተመለሱ። ትልቁን ከበሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ጌዲ የሚባል ረጅም ልጅ ሊረዳቸው ፈለገ። ጌዲ ሲናገር ምላሱ ይያዛል።

«ግ… ግ… ግመል የለም፣ ሐጂ። እ… እ… እሷ ናት» አለና በከበሮው መምቻ ዒፍራህን አሳያቸው።

ሐጂ ከልጅቷ ወደ ትሮምቦኑ፣ ከትሮምቦኑ ወደ ልጅቷ አዩ። ከዚያ አንድ የተሰበረ ዴስክ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ያዘንኩላት አንቺ ነሽ?»

«አዎዎ…» አለች ዒፍራህ። በሶማሊ ወግ አያትና የልጅ ልጅ የሚጠራሩት በአንድ ስም ነው፤ እሷ አዎዎ ትላቸዋለች፣ እሳቸውም አዎዎ ይሏታል።

«አዎዎ አትበይኝ። ትናንት እኮ ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሥቻለሁ። ባለቤቷን ስረግም ነው የዋልኩት። ለካ ስረግም የነበረው ራሴን ነው!»

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ሊውጡት ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሐጂን በቅጡ የማያውቀው መምህር መልአክ ይባስ ብሎ በደስታ ተጠጋቸው።

«የዒፍራህ አያት ነዎት? እንኳን ደህና መጡ፣ አባቴ! ወረቀቱን ፈርመው ይዘው መጡ?»

«የምን ወረቀት?»

ወረቀቱ ከዒፍራህ ደብተር ውስጥ ወጣ። ሀርሺን የሚለው ቃል ሲነበብ ሐጂ ከዴስኩ ብድግ ብለው እንደገና ተቀመጡ።

«ሀርሺን? እኔ የተወለድኩበት? ከዓለም አገር ሁሉ ሀርሺን? በል መምህር፣ አንተም እንድትሰማ በአማርኛ ልናገር። ልጅቷን ፊደል እንድታስተምርልኝ ሰጠሁህ። ጡሩምባ እንድታስነፋልኝ አልሰጠሁህም። ነገ መጥቼ ስሟን አስወጣለሁ። ከባንዱ ብቻ አይደለም፤ ካስፈለገ ከትምህርት ቤቱም!»

ዒፍራህ ትሮምቦኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። መምህር መልአክ ቶሎ ብሎ ያጠናውን ተናገረ፦

«አባቴ፣ ሙዚቃ የተማሪን ትኩረት ያዳብራል። የአእምሮን ልዩ ልዩ ክፍሎች ያቀናጃል። በሒሳብ ውጤትም…»

«አእምሮዋን ተወው። ከንፈሯን አይተኸዋል? ንብ የነደፋት ነው የምትመስለው!»

እኔ ግን አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ሐጂ «ስሟን አስወጣለሁ» ይላሉ እንጂ ከተቀመጡበት አይነሡም። የገበያ ሰው ናቸዋ፤ ነገሩን አገላብጠው ሳያዩ አይተዉም።

«ሐጂ» አልኩ፣ «አንድ ግመል ሳያዩ ዋጋ ይቆርጣሉ?»

«አልቆርጥም። ምን ለማለት ነው?»

«ልጆቹን ለምን አይጠይቋቸውም? ለምን እንደገቡ።»

ከዘራቸውን አነሡ። ከዚያ በግማሽ ክቡ ጫፍ ወደ ቆመው አደን ወደሚባል ወፍራም ልጅ ጠቆሙ።

«አንተ! ለምን ገባህ?»

አደን መምህሩን አየና አንገቱን ደፋ። «መሣሪያዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል ፋን አለው።»

«ይሄ እውነተኛ ሰው ነው!» አሉ ሐጂ። «ሌላስ?»

«ሌላ… ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዱ ጥላ ውስጥ ነው የሚቆመው። አሁን ግን ፋኑ ተበላሽቷል።»

«ታዲያ ለምን አትወጣም?»

ልጁ ይህን አስቦት የማያውቅ ይመስላል። «እንጃ፤ ረቡዕ ሲደርስ ደስ ይለኛል» አለ።

ሐጂ ወደ ጌዲ ዞሩ። «አንተስ፣ ረጅሙ?»

«ለ… ለዩኒፎርሙ። ወ… ወርቅማ ቁልፍ አለው።»

«ዩኒፎርም ፖሊስም አለው። እውነቱን ተናገር!»

ጌዲ መሬቱን በጫማው ጫረ። ሁሉም ጠበቁት። «ስ… ስናገር ሰዎች ይጠብቁኛል፤ ይ… ይሰለቻሉ። ቃሉን ራሳቸው ጨ… ጨርሰውልኝ ይሄዳሉ። ከበሮ ስ… ስመታ ግን ማንም ቀድሞኝ አይጨርስም። ዘ… ዘጠኛችንም የምንነሣው እኔ ስመታ ነው።»

ክላርኔት የያዘችው እናትአለም ሳትጠየቅ ቀጠለች። የወታደር ልጅ ናት፤ ነጠላ ጫማዋ ላይ የጦር ሠፈሩ አቧራ አለ።

«እኔ አባባ፣ በስምንት ዓመት አራት ትምህርት ቤት ቀይሬአለሁ። እዚህ ስመጣ ሶማሊኛ አንድ ቃል አልችልም ነበር። እረፍት ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ገብቼ ደወል የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ዒፍራህ ጎትታ አመጣችኝ። እዚህ ማንም የየት አገር ልጅ ነሽ አላለኝም፤ በአራተኛው ምት ላይ ግቢ ብቻ ነው ያሉኝ። ገባሁ።»

«ቤትሽ ያውቃሉ?»

«እናቴ ታውቃለች። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እንደምሠራ ያህል ነው የምትኮራው።» አለችና ራሷ በንግግሯ ሳቀች።

በዚህ መሐል የከሰዓቱ፣ የዐስር ሶላት አዛን ከመስጊዱ ተሰማ። መምህር መልአክ ዱላውን አወረደ፤ ማንም ሳይናገር መሣሪያዎቹ ሁሉ ጨርቅ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ወደ ቧንቧው ሄዱ፣ ሐጂም አብረው ሄዱ። እናትአለም፣ መምህሩና እኔ መሣሪያዎቹ አጠገብ ጠበቅን። ሐጂ ሲመለሱ እጅጌያቸውን እያወረዱ፣

«ሁልጊዜ እንዲህ ታቆማላችሁ?» ብለው መምህሩን ጠየቁት።

«ሁልጊዜ። ጥናቱ ከሶላት በፊትና በኋላ ነው።»

«ሀዬ» አሉ፤ ይሁን እንደማለት ነው። ከዚያ ወደ ዒፍራህ ዞሩ። «አሁን ያንቺ ተራ ነው። ሥራ ፈትተሽ እንዳልሆነ አስረጂኝ። እኛ በወጣትነታችን ግመል ስንጠብቅ ለጨዋታ ጊዜ አልነበረንም።»

ዒፍራህ ከንፈሯን በመዳፏ ጠረገች። «አዎዎ፣ ከሀርሺን ወደ ጀረር ሸለቆ ወርዳችሁ ውኃ ስትቀዱ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ስንት ሰው ይገባል?»

«እንደ ጥልቀቱ ነው። እኛ አምስት ነበርን። አንዱ ታች ውኃው ውስጥ ቆሞ ይቀዳል፣ ሦስቱ በየእርከኑ ይቀባበላሉ፣ አንዱ አፉ ላይ ቆሞ ገንዳው ውስጥ ይደፋል። ባልዲው የቆዳ ነው።»

«ዝም ብላችሁ ነው የምትቀባበሉት?»

«ዝም ብለን! ዝም ከተባለማ ባልዲው ራስህ ላይ ነው የሚወድቀው። በጨለማው ውስጥ የላይኛው መቼ እንደሚለቅ፣ የታችኛው መቼ እንደሚወረውር በምን ይታወቃል? በዜማው ነው እንጂ። ዋሪስ የሚባል ጓደኛዬ አንድ ቀን ኩርፊያ ይዞት አልዘምርም አለ። ባልዲው ግንባሩ ላይ ወረደበት። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።»

«እንግዲያው አዎዎ» አለች ዒፍራህ፣ «እኔ ሦስተኛው እርከን ላይ የቆምኩት ሰው ነኝ። ብቻዬን ስነፋ ያዘኑላት ግመል ነኝ፤ እርስዎም መስክረዋል። ከእነሱ ጋር ስነፋ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ እኔ ከቀረሁ ከእናትአለም የሚመጣውን ባልዲ ማን ይቀበላል?»

መምህር መልአክ ነገሩ በእጁ እንደገባ ገባው። ዱላውን አነሣ፤ ጌዲ መታ። በአራተኛው ምት ሁሉም ገቡ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልለየሁትም። ሐጂ ግን ወዲያው ቀና አሉ።

«ይህን ከየት አመጣችሁት?»

«ከእርስዎ ነው» አለች ዒፍራህ፣ ትሮምቦኑን ከአፏ ነጥላ። «ጠዋት ጠዋት ፂምዎን ሲያበጥሩ ያንጎራጉሩታል።»

«እኔ? እኔ አላንጎራጉርም!»

«ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ሐጂ» አልኩ። ይህን መመስከር ግዴታዬ መስሎ ታየኝ።

ቀጠሉ። ግመል ሲጠጣ የሚዜመው የሀርሺን ዜማ በክላርኔት ሲጀመር፣ በትሮምቦን ሲመለስ፣ ከበሮው ከሥር እንደ እርምጃ ሲከተለው፣ የሐጂ ከዘራ ብቻውን መሬቱን ይደቃ ጀመር። ወዲያው ተነሡ።

«ፈጠነ! ፈጠነ! ባልዲው ገና እጇ አልደረሰም፣ የት ትሮጣላችሁ? ጌዲ፣ የሞላ ባልዲ ነው፣ ከባድ ነው! እንዲህ!» ብለው በከዘራቸው ምቱን ያዙላቸው። መምህሩ ዱላውን ብብቱ ስር አድርጎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንድ ሩብ ሰዓት ያህል የትምህርት ቤቱን ባንድ የመሩት፣ ገመድ ትከሻቸው ላይ ያደረጉ የግመል ደላላ ነበሩ።

ሆኖም ሲጨርሱ ወረቀቱን አልፈረሙም።

«ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ግን ደስታ አንድ ነገር ነው፣ ሀርሺን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሁሉም ያውቀኛል። የዐብዲጀባር የልጅ ልጅ በአደባባይ ነፋች ቢሉ ለሃያ ዓመት ያወሩታል። ደግሞም የሃይማኖት ነገር አለ። ሼኻችንን ልጠይቅ።»

ስለ እሳቸው ሃይማኖት እኔ የምለው የለኝም። ዒፍራህም ወረቀቱን አጥፋ እጃቸው ላይ አኖረችው። «እስከ ነገ ረፋድ ነው፣ አዎዎ» ብቻ አለች። አልለመነችም። ያን ጊዜ ትልቅ ሰው መሰለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሐጂ ቀድመውኝ ቆመው ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱኝም።

«ሼኹ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። "ሶላቷን ትታለች?" አሉኝ። አልተወችም፤ አዛን ሲል ሁሉም ያቆማሉ አልኩ። "ትምህርቷን ትታለች?" አሉኝ። ከክፍሏ ሦስተኛ ናት አልኩ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "ዐብዲጀባር፣ ከብት ገበያ ስንት ዓመት ቆየህ?" አሉኝ። አርባ አልኩ። "ወላሂ ይቺ ግመል ታማ አታውቅም ብለህ ስንት ጊዜ ማልክ?"»

«ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ! ጠረጴዛቸውን ማየት ጀመርኩ። "እንግዲያው" አሉ፣ "መጀመሪያ ያንተን ምላስ እናጥበው፤ ወደ ልጅቷ ከንፈር ቀስ ብለን እንመጣለን።"»

«ፈቀዱ ማለት ነው?»

«መፍቀዳቸውንም መከልከላቸውንም አላውቅም። ስወጣ ግን የተጸጸትኩት በእሷ አልነበረም። እስክሪብቶ አለህ?»

ሰጠኋቸው። ከመፈረማቸው በፊት ቀና ብለው፣ «አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። አንተም ትሄዳለህ» አሉኝ።

«እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«መንሸራተቻዋ ከተጣመመችስ?» አሉና ፈረሙ።

ቅዳሜ ከማለዳው ጀምሮ በአውቶቡስ አቧራ ስንበላ ሄደን ሀርሺን ገባን። አዲሱ ትምህርት ቤት ፊት ድንኳን ተተክሏል፤ ሽማግሌዎቹ ከድንኳኑ ሥር፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ነው። ልጆቹ ወርቅማ ቁልፋቸውን እያጸዱ ከጥግ ተሰለፉ። እኛ ገና ሳንቀመጥ ከኋላ አንድ ድምፅ፣

«ዐብዲጀባር! የልጅ ልጅህ ጡሩምባ ትነፋለች አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለ።

ዋሪስ ነበር። ከሐጂ ጋር እኩያ ነው። ዓይኑ ደክሟል፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ ግን ከሩቅ ትታያለች።

«እውነት ነው» አሉ ሐጂ።

«ውይ ጉድ! በግመል ስትዋሽ የኖርከው አልበቃ ብሎ! ምን ትጠቀማለች?»

እንግዲህ ሐጂ የፈሩት ሰዓት ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊታቸውን አዙረዋል። አንገታቸውን ይደፋሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ።

«ምን ትጠቀማለች? ልንገርህ። ያንን ረጅም ልጅ አየኸው? ሲናገር ምላሱ ይያዛል። እዚህ ግን እሱ ካልጀመረ ማንም አይጀምርም። ያቺ ቀጭኗ የወታደር ልጅ ናት፤ ከሰው ተደብቃ ትውል ነበር፤ አሁን ከእኔ ቤት ልጅ ጋር አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሻንጣ ላይ ተደግፈው ነው የተኙት። ወፍራሙ ለፋን ብሎ ገባ፤ ፋኑ ተበላሸ፣ እሱ ግን ቀረ። ተራቸውን መጠበቅ ይማራሉ። ሌላው ሲነፋ መስማት ይማራሉ። አንዱ ቢያኮርፍ ሁሉም እንደሚጎዳ ያውቃሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ምን እንደሚሆን…» ጣታቸውን ወደ ዋሪስ ግንባር ቀሰሩ፣ «ለሀርሺን ሰው እኔ አልነግረውም!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ዋሪስ ጠባሳውን በእጁ ሸፈነና «የአርባ ዓመት ነገር!» እያለ ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

መምህር መልአክ ዱላውን አነሣ። መክፈቻው የዒፍራህ ብቻ ነበር። ዓይኗን ጨፈነች፤ ጉንጯ ተነፋ። ያቺ ረጅም፣ ከሆድ የምትወጣ ድምፅ በሕዝቡ ላይ ተነሥታ መጨረሻዋ ላይ ወደ ታች ተንሸራተተች። ልጅቷ እንዲህ አሳምራ ነፍታ አታውቅም።

ከኋላ ግርግር ተነሣ። ዋሪስ ነው። ቆሟል፤ ከዳር ከተቀመጡት ወተት ሻጮች አንዷ አጠገብ የነበረውን ዕቃ አንሥቶ፣ በደከመ ዓይኑ ከሕዝቡ ማዶ ይፈልጋል።

«የማን ናት? ያቺ ግመል የማን ናት? ልጇ ሞቶባታል እኮ! አንድ ሰው አያልባትም?»

ሐጂ ዐብዲጀባር ወደ እሱ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ በቃል ለመግለጽ እቸገራለሁ።

«ስንት የወለደች ናት?» አሉት።

«ሁለት!» አለ ዋሪስ።

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ። የልጅ ልጄ ናት።»

ጌዲ መታ። በአራተኛው ምት ሁሉም ገቡ፤ እንደ ሞላ ባልዲ፣ ሳይቸኩሉ። ዜማው የቱ እንደሆነ ሲታወቅ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጉሮሮው መለሰ፣ ከዚያ ሁለተኛው። መጨረሻ ላይ ዋሪስም፣ ዕቃውን እንደያዘ፣ እያኮረፈም ቢሆን ተቀላቀለ። እኔ ዜማውን ስለማላውቅ አዳመጥኩ። ጥፋት የሚፈልገው ጆሮዬ ያን ዕለት የሚያርመው አጣ፤ በልቤም አምላኬን አመሰገንኩ።

ሲያበቃ ሐጂ ዋሪስን ጠሩት። «የሻጯን ወተት ገዝተህ ለልጆቹ ስጣቸው፣ ሲነፉ ውለዋል። ለኃይለጊዮርጊስ…» ቆም አሉ። «ለእሱ ሻይ አስመጣለት።»

ከዚያ ወዲህ ባንዱ ዐሥራ አራት ሆኗል። የወላጅ ፈቃድ ወረቀት የሚያስቸግር ቤት ሲኖር መምህር መልአክ ሐጂን ይልካቸዋል፤ እሳቸውም የመምህሩን የአእምሮ ክፍሎች ትተው የጉድጓዱን ነገር ያወራሉ። ጅግጅጋ ዘመድ ቤት ሆና የምትማረው የዋሪስ የልጅ ልጅ ኻድራም ገብታለች፤ ሁለተኛ ትሮምቦን ተገኝቶላታል። አሁን ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሱቄ ጀርባ ሁለት ግመሎች ያለቅሳሉ። ሐጂ ወንበር ስበው ያዳምጣሉ። አንደኛዋ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ገና አንድ ብቻ የወለደች ናት።